ማንን እንመርቅ? (በቅንጡ ሆቴል ስለ ማደር)

በአማርኛ ማደሪያ የሚፈልግ መንገደኛ በሆቴል ደጃፍ ቆሞ የሚያቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። «አልጋ አለ?» ይላል። ክፍል አለ ወይ አይልም፤ ቤት አለ ወይም አይልም። የሚጠይቀው ጎኑን የሚያሳርፍበትን ብቻ ነው። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ መብራቱና ውኃው በአልጋው ስም ተጠቃልለው ይገባሉ። አግኝቶ ሲመለስም ለጓደኛው «አልጋ ይዣለሁ» ይለዋል። በጥቂቱ መብቃቃትን ከለመደ ኑሮ የወጣ አነጋገር ነው።

ስዊት የሚባለው ነገር ወደ ከተማችን ሲመጣ ግን ይህ አነጋገር ጠበበው። ስዊት አልጋ አይደለም። ሰው ተቀብለው የሚያነጋግሩበት ሳሎን አለው፤ የሚጽፉበት ጠረጴዛ፣ ልብስ የሚሰቅሉበት ራሱን የቻለ ጓዳ፣ ከብዙዎቻችን ሳሎን የሚሰፋ መታጠቢያ ቤት አለው። አልጋው ራሱ ሌላ በር ተዘግቶበት ከውስጥ ይቀመጣል። እንግዲህ ይህን «አልጋ» ብንለው ያንስበታል፤ «ቤት» ብንለው ደግሞ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ባለቤቱ አይታይም።

ዛሬ ልጽፍ የወደድሁት ስለዚህ ስለማይታየው ባለቤት ነው። ቅንጦትን ለመርገም ብዕር አላነሣሁም። ለስላሳ አንሶላ ኃጢአት አይደለም፤ የሞቀ ውኃም በማንም ላይ ግፍ አይሠራም። የምለው ሌላ ነው። በቅንጡ ሆቴል ከፍለን የምንገዛው ትልቁ ነገር ምቾት አይመስለኝም፤ ከይሉኝታ ነጻ መውጣት ነው። ይህ ነጻነት አንዳንድ ጊዜ ለሰው እንደሚያስፈልገው አምናለሁ። ዳሩ ግን ይሉኝታው ሲሄድ ይዞት የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ሳናስተውል እንዳንከስር እፈራለሁ።

* * *

አባቶቻችን በሆቴል አላደጉም። የመሸበት መንገደኛ ካገኘው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። መልሱም «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን መልስ ልብ በልልኝ። አባወራው «ቤቴ ነውና ግባ» አላለም። የጎጆው እውነተኛ ባለቤት ሌላ መሆኑን፣ እርሱም ራሱ እንደ መንገደኛው በዚያ ቤት እንግዳ መሆኑን ነው የተናገረው። ከዚያ በኋላ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ ያለው ይቀርባል፤ መደቡ ይለቀቅለታል። ሲነጋ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ልስጥ ቢልም ባለቤቶቹን ማስቀየም ይሆንበታል። የሚከፍለው በአፉ ነው። «ቤታችሁ ይሙላ፤ ልጆቻችሁን ይባርክ፤ ከክፉ ይጠብቃችሁ» ብሎ መርቆ ይወጣል። ለጋስ የሆነን ሰው «ቤቱ የአብርሃም ቤት ነው» የምንለውም የዚህ ልማድ ልጆች ስለሆንን ነው።

ይሁን እንጂ ያን ዘመን እንደ ገነት አድርጎ መሣል ውሸት ይሆናል። «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነበር፤ እህሉን የምትፈጨው፣ ውኃውን የምትቀዳው፣ ከተኛችበት ተነሥታ እሳት የምታያይዘው ግን ሴቲቱ ነበረች። እንግዳውም ቢሆን ሸክም ነበረበት። ውኃ ቢጠማው ደፍሮ አይጠይቅም፤ ጠግቦ ሳለ «በሞቴ» ሲባል ይጎርሳል፤ እንቅልፍ እያዳፋው የባለቤቱ ጨዋታ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሰዉ ራሱ «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት» ማለቱ የመስተንግዶን ዋጋ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ዋጋ የሌለው መስተንግዶ ኖሮ አያውቅም። የድሮው ዋጋው አይነገርም ነበር፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ዋጋው የማይነገረውና ዋጋው የሚነገረው መስተንግዶ በአዲስ አበባ ፊት ለፊት የተገናኙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የከተማይቱን የመጀመሪያ ሆቴል ሲያቋቁሙ ነው። ዛሬ ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ማለቴ ነው። ሲተረክ እንደኖረው፣ በዚያን ጊዜ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር ስለሚቆጥር ሆቴሉ ተከፍቶ ተመጋቢ አጣ። በኋላ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው መጡና በልተው፣ ሂሳብ ከፍለው አሳዩ ይባላል።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ ነው የምናወራው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያስገርመኛል። በግብር አዳራሻቸው ሺህ ሰው በነጻ የሚያበሉ ንጉሥ በባለቤታቸው ሆቴል ተቀምጠው ለምሳቸው ከፈሉ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲገባ «እንግዳ» የሚለው ቃላችን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ እንግዳ የምንሸከመው ሆነ፤ ሌላው የምናስከፍለው ሆነ። ሁለቱንም እስከ ዛሬ በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ግራ መጋባታችንም የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

* * *

ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ የዓለም እንግዳ ማረፊያ ሆነች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን በአዲስ አበባ አደረገ፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ተመሠረተ። መሪዎችና ልዑካን የሚያርፉበት ማደሪያ ግድ ሆነ። በ1969 ሒልተን ተከፈተ፤ የመዋኛ ገንዳው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል አምሳል የተሠራ ነው፤ ውኃውም ከከተማይቱ ሥር የሚፈልቀው ፍል ውኃ ነው። በ1998 ደግሞ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ የተሠራው ሸራተን አዲስ በሩን ከፈተ።

የሸራተንን አካባቢ የሚያውቅ ሰው የቀድሞውን ትዕይንት አይረሳውም። በአንድ ወገን ፏፏቴና አበባ፣ በሌላው ወገን ድንጋይ የተጫነበት የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ ለብዙ ዓመታት ተያይተው ኖረዋል። በኋላ መንደሮቹ ተራ በተራ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማይቱ ዳር ተሻገሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024ም የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲባል ፈርሰዋል። ከቅንጡ ክፍል መስኮት ቁልቁል የሚታየው ነገር ዛሬ ያማረ ነው። ሆኖም ሰፈሩ ሲፈርስ ከጭቃ ግድግዳው ጋር የሄደ አንድ ጥያቄ አለ። ቡና ሲፈላ በአጥር ላይ የሚጣሩት፣ የመጣ እንግዳ ቢበዛባቸው ግማሹን ወደ ጎረቤት ልከው የሚያሳድሩት እነዚያ ሰዎች በሄዱበት ቦታ ይህን ልማድ ይዘው ቀጥለዋልን? ከተማ ሆቴል ሊሠራ ይችላል፤ ጎረቤትን ግን በጨረታ አያሠራውም።

* * *

ዛሬ በእነዚያ ክፍሎች የሚያድረው የውጭ ልዑክ ብቻ አይደለም። ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የሚመጣው የገዛ ወገናችንም ነው። በዚህ የተነሣ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ቅሬታ አለ። «እኔ ቤት እያለኝ ሆቴል?» ትላለች እኅት። «ቤቴን ንቆ ነው፤ ሽንት ቤቴን ተጸይፎ ነው» ይላል ወንድም። አክስት ደግሞ «ጎረቤት ምን ይለናል?» ብላ ታዝናለች። ለዓመታት ሲጠበቅ የኖረ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ቁልፍ ወደሚሰጠው እንግዳ ተቀባይ ሲያመራ፣ በር ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘው የጠበቁት ሰዎች ልባቸው ይሰበራል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለመጤውም ጥብቅና እቆማለሁ። 20 ዓመት በሌላ አገር ሰዓት የኖረ ሰው በእኛ እኩለ ሌሊት ዐይኑ ይፈጣል፤ በሰው ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኝቶ መብራት ማብራት ያሳፍረዋል። ጠያቂው ከማለዳ እስከ ማታ ሲጎርፍ፣ ያም ችግሩን፣ ያም ሕመሙን ሲነግረው፣ በሩን ዘግቶ የሚተነፍስበት ስፍራ ይሻል። ለለቅሶ የመጣ ከሆነማ ድንኳን ውስጥ ከሚያለቅሰው ልቅሶ ሌላ ብቻውን የሚያለቅሰው ልቅሶ አለው። እኅቲቱም ብትሆን በሁለት ክፍል ቤት ልጆቿን መሬት አስተኝታ አልጋዋን ልትለቅ ነበር። ስዊቱ እርሷንም አሳርፏታል። ስለዚህ ሆቴል ያረፈ ዘመድ ሁሉ ንፉግ ነው፣ ኩሩ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም።

ነገር ግን አንድ ቀን ያየሁት ነገር ነገሩን በሌላ ወገን እንዳየው አድርጎኛል። ከውጭ የመጣች የቅርብ ዘመዴ አዛውንት እናቷን ለማስደሰት ብላ በአንድ ቅንጡ ሆቴል ስዊት ሁለት ሌሊት አሳደረቻቸው። እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ከትልቁ ሶፋ ጫፍ ላይ ብቻ ተቀምጠዋል፤ ሊነሡ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ምግቡን ቀመሱ፤ መስኮቱን አዩ፤ አልጋውንም አመሰገኑ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ የቤቱ ባለቤት የታሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የምን ባለቤት፣ እማዬ?»

«እንዲህ ያለ ቤት ለቀው ያሳደሩን ሰው ናቸዋ። ሳልመርቅ ልወጣ ነው?»

«ከፍያለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«ገንዘቡንማ ከፈልሽ። ምርቃቱንስ?»

ልጅቷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። በዚህ መካከል ክፍሉን የምታሰናዳው ወጣት አንኳኩታ ገባች። አንሶላውን ስትዘረጋ እማማ ከሶፋው ተነሥተው ሌላውን ጫፍ ያዙላት። «ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ፤ ሥራዬ ነው» ብላ ተሸማቀቀች። እርሳቸው ግን አልለቀቁም። አንሶላውን እየወጠሩ የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሯ የት እንደሆነ፣ የት እንደምታድር ጠየቋት። ከከተማው ዳር ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ እንደምትኖር፣ ታክሲ እንዳያመልጣት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንደምትነሣ ነገረቻቸው። አልጋው ተነጥፎ ሲያልቅ እማማ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ያነጠፍሽው አልጋ ለራስሽም ይሁንልሽ፤ የራስሽን ቤት ከፍተሽ እንግዳ የምትቀበዪበት ያድርግሽ» ብለው መረቋት። ወጣቷ ጎንበስ ብላ «አሜን፣ አሜን» አለች። ስትወጣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እማማ ባለቤት ሲፈልጉ ያገኙት እርሷን ነው። የተሳሳቱ አይመስለኝም። የሕንጻው ባለንብረት በወረቀት ላይ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያች ሌሊት ያሳደረቻቸው እርሷ ነበረች።

ምርቃት ከንቱ ቃል አይደለም። «ያደረግህልኝን አይቻለሁ፤ አንተንም አይቼሃለሁ፤ ብድሬን ግን እኔ ልመልሰው አልችልምና ከእኔ የሚበልጥ ይመልስልህ» ማለት ነው። ገንዘብ ብድርን ይዘጋል፤ ምርቃት ብድርን እንደተከፈተ ያቆየዋል። በቤት ያደረ እንግዳ ነገ አስተናጋጅ የመሆን ዕዳ ይዞ ይወጣል። ከስዊት የወጣ እንግዳ ደረሰኝ ይዞ ይወጣል። ደረሰኝ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰውን ከሰው ግን አያስተሳስርም።

* * *

ይህንን በከባድ መንገድ የተማርንበት ጊዜም ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ በተመረጡ ሆቴሎች፣ በራሱ ወጪ፣ ለ14 ቀናት ተለይቶ እንዲቆይ ታዝዞ ነበር። ያው ለስላሳ አንሶላ፣ ያው ሰፊ መስኮት ነበር። ምግቡ ከደጃፍ ይቀመጣል፤ አምጪው ሳይታይ ይሄዳል። ከመስኮቱ ባሻገር የእናቱ ከተማ እየታየችው እናቱን መሳም የተከለከለ ሰው፣ ስዊት ከሰው ፊት ሲለይ ምን እንደሚሆን ዐወቀ። ከቤት ዕቃው አንድም አልጎደለም፤ የጎደለው አንኳኩቶ የሚገባ ሰው ነበር። የዚያ ክፍል ትልቁ ሀብት አልጋው ሳይሆን በሩን አንኳኩታ የምትገባው ወጣት መሆኗን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

እንግዲህ እርሷን በምን እንቁጠራት? የሆቴል ሂሳብ ሲመጣ ከግርጌው ሁለት ጭማሪዎችን እናገኛለን፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ታክሱ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። የአገልግሎት ክፍያው ግን ስሙ እንደሚናገረው አገልግሎት ለሰጠችው እጅ መድረሱን ጠይቀን እናውቃለን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሲታወጅ የዝቅተኛ ደመወዝን ወለል ራሱ አልቆረጠም፤ ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ነው የደነገገው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ለሆቴሎቻችን የኮከብ ደረጃ ሰጥቷል፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን አልጋ አንጣፊዋ ሌሊቱን የት እንዳደረች በሆቴሉ ደጃፍ ከተሰቀለው ኮከብ ማንበብ አይቻልም።

«ኢትዮጵያ የእንግዳ ተቀባዮች አገር ናት» የሚል ጽሑፍ በየማስታወቂያው እናነባለን። እኔ ይህን ቃል ለሆቴል ንግድ ማዋስ አልፈልግም። ንግዱን ንግድ እንበለው። ንግድ ክቡር ሥራ ነው፤ የራሱም ግዴታ አለው። ሆቴሉ ፈገግታን እንደ ሸቀጥ የሚሸጥ ከሆነ ፈገግታው የማን እንደሆነ ያስብ፤ ዋጋውንም ለባለ ፊቷ ይክፈል። «ቤተሰብ ነን» እያሉ ደመወዝ ማሳነስ፣ የእንግዳ ተቀባይነትን ስም ይዞ የሰውን ጉልበት በነጻ መውሰድ ነው። በድሮው ቤት እሳት የምታያይዘውን ሴት ዘንግተናት ኖረናል። በአዲሱ ቤት፣ ዋጋ ሁሉ በሚነገርበት በዚህ ቤት፣ ደግመን ልንዘነጋት ምንም ምክንያት የለንም።

ለሚያድረውም ወገኔ የምለው አለኝ። አቅም ካለህ በስዊት እደር፤ ማንም ሊነቅፍህ አይገባም። ግን ይሉኝታን ስታራግፍ ሰውንም አብረህ አታራግፍ። ማታ ተኝተህበት ጠዋት ቡና ለመጠጣት ወደ እኅትህ ቤት ሂድ፤ በጠባቧ ሳሎን ተቀመጥ፤ «በሞቴ» ስትልህ ጉረስ። እርሷንም አንድ ቀን ወደ ክፍልህ ጋብዛት፤ ከፎቁ ላይ ሆና ከተማዋን ትይ። አልጋህን ያነጠፈችውን ልጅ ስሟን ጠይቅ፤ ስትወጣ በጠረጴዛው ላይ የምታኖረውን ገንዘብ አኑርና በቃልህም አመስግናት። ገንዘቡ ለቤት ኪራይዋ ይሆናታል፤ ቃልህ ደግሞ ታይታ እንደነበር ይነግራታል። ሁለቱም ይገቧታል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ለእኅትም አንድ ቃል ልጨምር። ወንድምሽ ሆቴል ቢያርፍ ቤትሽን ንቆ ነው ብለሽ አትዘኚ። መደቡን ባትለቂለትም ምርቃቱ ከአንቺ ዘንድ ነው፤ እርሱን በየትኛውም የኮከብ ብዛት አያገኘውም። ቤት የእግዜር ነው የሚለው የአባቶች ቃል ለሳር ጎጆ ብቻ የተነገረ አይደለምና፣ የ12ኛ ፎቅ ስዊትም ቢሆን በዚህ ሕግ ሥር ያድራል። በዚያ የሚተኛውም፣ በዚያ የምታነጥፈውም እንግዶች ናቸው።

ሁላችንንም ቸር ያሳድረን።